የሆድ አኦርታ ማበጥ፦ ሆድ ተከፍቶ ይሰራ ወይስ በብሽሽት ይግባ? ደጋግማችሁ የምትጠይቁን

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ውስጥ ቀዶ ህክምና ክፍል የምሰራ ነርስ ነኝ። ከሐኪሙ ክፍል የወጣ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ይዞኝ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁሌም ይመሳሰላል፣ ከኩታበር ይምጣ ከከሚሴ ከመካነ ሰላም ያው ነው፣ ስለዚ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ይሄ ሐኪማችሁን አይተካም፣ ግን ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ምን እንደምትጠይቁ አውቃችሁ ትገባላችሁ።

አኑሪዝም የሚሉት ምንድነው? ካንሰር ነው እንዴ?

ካንሰር አይደለም፣ ዕጢም አይደለም። አኦርታ ማለት ከልብ ወጥቶ በደረትና በሆድ አርጎ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ደም ስር ነው። ሆድ ውስጥ ያለው ክፍሉ ጤነኛ ሰው ላይ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ግድግዳው ሲደክም እየተነፋ ይሄዳል፣ 3 ሴንቲሜትር ከሞላ አኑሪዝም ይባላል። የመኪና ካላማዳሪያ የሳሳበት ቦታ ላይ እንደሚነፋው በሉት። የሚያስፈራው ማበጡ ራሱ አይደለም፣ እየሰፋ ሄዶ መፈንዳቱ ነው።

አባቴ ምንም አያማቸውም፣ እንዴት ነው ታዲያ በሽታ አለብዎት የሚሏቸው?

አብዛኛው ሰው ላይ ምንም አያም፣ ክፋቱም እሱ ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ሽንት አስቸግሯቸው ለፕሮስቴት አልትራሳውንድ ሲነሱ ነው የተገኘባቸው። ከወገልጤና በኩል የመጡ አንድ አባት ግን ራሳቸው አውቀውት ነበር። አልጋው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ነጠላቸውን ገለጥ አርገው እጄን ያዙና ከእምብርታቸው በላይ አስቀመጡት፣ «ልቤ እዚ ወርዳ ትመታለች፣ ማንም አላመነኝም» አሉኝ። በእርግጥም ከእጄ ስር እያነሳ ይመታ ነበር። በጣም ቀጭን ሰው ላይ ጤነኛው አኦርታም ሲመታ ሊዳሰስ ይችላል፣ ስለዚ አትደንግጡ፣ ግን አልትራሳውንድ ይነሳ፣ የማያም ቀላል ምርመራ ነው።

አደጋው ግን ይሄ ነው፦ ድንገት የመጣ ከባድ የሆድ፣ የጀርባ ወይ የጎን ህመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን መሳት። ይሄ ምልክት ብዙ ጊዜ የኩላሊት ጠጠር ይመስላል፣ «ኩላሊት ነው» ተብሎ ማስታገሻ ተወግቶ ወደ ቤት የሚላክ አለ። ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሰው በተለይ የሚያጨስ ከሆነ ይሄ ህመም ድንገት ሲይዘው «አኦርታውን አያችሁለት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ አታፍሩ።

ስንት ሲሆን ነው ኦፕሬሽን የሚያስፈልገው?

ወንድ ላይ 5.5 ሴንቲሜትር፣ ሴት ላይ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ። ወይ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ከሰፋ። ወይ ማመም ከጀመረ፣ ያኔ መጠኑ አይጠበቅም።

ትንሽ እያለ ለምን ቶሎ ቀዶ አይወጣም? ቆይቶ ከሚፈነዳ

ይሄን ልጆቻቸው ሁሌ ይጠይቁናል፣ ንዴታቸውም ይገባኛል፣ ቦምብ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይኑር ወይ ይላሉ። ግን ጉዳዩ በደንብ ተጠንቷል። እንግሊዝ አገርና አሜሪካ ውስጥ ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲሜትር ያላቸውን ሰዎች ግማሹን ወዲያው ኦፕሬሽን አርገው ግማሹን በአልትራሳውንድ እየተከታተሉ አነጻጽረዋል፣ የእንግሊዙ ውጤት በ1998 የአሜሪካው በ2002 ወጣ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቶሎ የተሰራላቸው ከተጠበቁት የበለጠ ዕድሜ አላገኙም። ኦፕሬሽኑም የራሱ አደጋ አለዋ። ስለዚ «ጠብቁ» ማለት ቸል ማለት አይደለም። ከ4 እስከ 4.9 ያለው በዓመት አንዴ፣ ከ5 በላይ ያለው በየ6 ወሩ ይታያል፣ ቀጠሮው ግን እንዳያመልጥ።

ሆድ ተከፍቶ የሚሰራው እንዴት ነው?

ታካሚው ሙሉ ሰመመን ይሰጠውና ሆዱ ከደረት አጥንት ስር ጀምሮ እስከ እምብርት በታች ይከፈታል፣ አንዳንዴ በጎን በኩል። አንጀት ወደ ጎን ይደረጋል፣ አኦርታው ከላይና ከታች በመቆንጠጫ ይያዛል፣ ያበጠው ክፍል ይከፈትና ግራፍት የሚባል የጨርቅ ቱቦ በክር ይሰፋል። ደሙ ከዛ በኋላ በአዲሱ ቱቦ ነው የሚሄደው። ጨርቁ ዳክሮን የሚባል ነው ብዙ ጊዜ፣ አይበሰብስም አያልቅም፣ ከሰውየው ጋር ይኖራል።

አኦርታው በተያዘበት ሰዓት ልብ ላይ ትልቅ ጫና አለ፣ ከባድ የሚያደርገውም እሱ ነው። ስለዚ በፊት ልቡ፣ ሳንባው፣ ኩላሊቱ በደንብ ይመረመራል። ደምም ዝግጁ መሆን አለበት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ደም የሚሰጥበት ጊዜ ይሄ ነው። ከኦፕሬሽኑ በኋላ አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) አንድ ሁለት ቀን፣ ሆስፒታል በጠቅላላው ሳምንት እስከ 10 ቀን፣ ሙሉ ጉልበት እስኪመለስ ግን ሁለት ሦስት ወር ነው። ከሚመጡ ችግሮች ውስጥ የልብ ድካም፣ የሳንባ ኢንፌክሽን፣ ኩላሊት መድከም፣ ለአንጀት ደም ማነስ ይጠቀሳሉ፣ ቆይቶ ደግሞ በቁስሉ መስመር ሄርኒያ፣ ማለትም አንጀት በላላው የሆድ ግድግዳ ገፍቶ ማበጥ፣ ይወጣል።

በብሽሽት የሚገባውስ?

ኢቫር ይሉታል። ሆድ አይከፈትም። በሁለቱም ብሽሽት ያለው ደም ስር በመርፌ ወይ በትንሽ ቁስል ይከፈትና ተጣጥፎ ቀጭን የሆነ ስቴንት ግራፍት፣ ማለትም ብረት ያለበት የጨርቅ ቱቦ፣ በኤክስሬይ እየታየ ወደ ላይ ይገፋል። ያበጠው ቦታ ሲደርስ ይከፈታል፣ ከላይና ከታች ጤነኛው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይይዛል። ደሙ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፣ ያበጠው ከረጢት እዛው ይቀራል ግን ጫና አይደርስበትም። ከወገብ በታች በማደንዘዝ ብቻም ሊሰራ ይችላል። በሁለት በሦስት ቀን ቤት ይገባል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ድሮው ኑሮ ይመለሳል።

እዚ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ሆድ ሲከፈት ያበጠው ቦታ ይተካል፣ በኢቫር ግን ከውስጥ ይሸፈናል እንጂ አይወጣም። የሁለቱ ልዩነት በሙሉ ከዚ ነው የሚመጣው፣ ወደታች ታዩታላችሁ።

ሙከራ ላይ ያለ ነገር ነው እንዴ? አባቴን መሞከሪያ እንዳያረጉብኝ

አይደለም። ሆድ ተከፍቶ የሚሰራውን ሻርል ዱቦ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1951 ፓሪስ ውስጥ ነው የጀመረው፣ ያኔ ከሞተ ሰው በተወሰደ ደም ስር። ኢቫርን ደግሞ ሁዋን ፓሮዲ አርጀንቲና ቦነስ አይረስ ላይ በ1990 ሰራው፣ ከሱ በፊት በ1987 ኒኮላይ ቮሎዶስ ካርኪቭ ውስጥ ደረት ላይ ያለው አኦርታ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሰርቶ ነበር። ሁለቱም ዛሬ በዓለም ላይ በየቀኑ የሚሰሩ ናቸው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? በቀጥታ ንገሪን

በቀጥታ ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ወር ካያችሁ ኢቫር ይሻላል፣ አያከራክርም። እንግሊዝ አገር 1252 ሰው ላይ በተሰራው ጥናት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ሆዳቸው ከተከፈተው ውስጥ 4.3 በመቶ ሲሆኑ በኢቫር 1.8 በመቶ ናቸው። ሆላንድ ውስጥ የተሰራውም ያንኑ ነው ያሳየው።

ግን ዓመታት ሲያልፉ ያ ብልጫ ይጠፋል። የሆላንዱ ጥናት ላይ ከ6 ዓመት በኋላ በህይወት ያሉት በሁለቱም በኩል 70 በመቶ ገደማ ነበሩ፣ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ደግሞ ሌላ ኦፕሬሽን ያስፈለጋቸው ኢቫር ከተሰራላቸው 30 በመቶ ገደማ፣ ሆዳቸው ከተከፈተው 18 በመቶ፣ እነሱም አብዛኞቹ ለሄርኒያ ነው። የእንግሊዙ ጥናት እስከ 15 ዓመት ድረስ ተከታትሎ በ2016 ሲወጣ ደግሞ ከ8 ዓመት በኋላ በዚሁ በሽታ የሚሞቱት ኢቫር የተሰራላቸው ላይ በዛ፣ ምክንያቱም እዛው የቀረው ከረጢት ቆይቶ የፈነዳባቸው ነበሩ።

ስለዚ ዕድሜያቸው 60ዎቹ ውስጥ ያለ፣ ልባቸው ደህና፣ ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ የሚባሉ ሰው ከሆኑ ሆድ መከፈቱ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፣ አንዴ ይከብዳል ከዛ ያልፋል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ልብ ወይ ሳንባ ያለባቸው፣ በፊት ሆዳቸው ተደጋግሞ የተከፈተ ከሆነ ኢቫር ያተርፋቸዋል። ሐኪሞችም በዚ ላይ እኩል አይናገሩም፣ የእንግሊዝ አገር መመሪያ በ2020 ላይ ላልፈነዳ አኑሪዝም ሰውነቱ ለሚችል ሰው ክፍት ኦፕሬሽኑን አስቀድሟል፣ የአውሮፓ የደም ስር ሐኪሞች ማህበር ደግሞ በ2019 መመሪያው ለአብዛኛው ሰው ኢቫርን ነው ያስቀደመው፣ ረጅም ዕድሜ ለሚጠበቅለት ግን ክፍቱን። ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ቢላችሁ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

«ኢቫር አይሆንለትም» አሉን፣ ገንዘብ ፈልገው ነው?

ገንዘብ አይደለም፣ ቅርጹ ነው። ቱቦው የሚጣበቅበት ጤነኛ ቦታ ያስፈልጋል፣ ከኩላሊት ደም ስሮች በታች ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር የሚሆን። እሱ አጭር ከሆነ ወይ በጣም ከተጣመመ አይይዝም። ወደ እግር የሚወርዱት ደም ስሮችም ጠባብ ከሆኑ ዕቃው አያልፍም። ይሄ የሚታወቀው በሲቲ ስካን በመድኃኒት ተወግቶ ነው፣ ያለ እሱ ማንም ሊወስን አይችልም። መድኃኒቱ ኩላሊት ላይ ስለሚከብድ አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል፣ ስኳር ኖሯቸው ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነም ንገሯቸው።

ኢንዶሊክ ምንድነው?

ከኢቫር በኋላ ደም በቱቦው ዙሪያ ወይ በሌላ ትናንሽ ደም ስር ወደ ከረጢቱ ተመልሶ ሲገባ ነው። በብዛት የሚታየው ከትናንሽ ደም ስር የሚመጣው ነው፣ ከረጢቱ ካልሰፋ ብዙ ጊዜ እየታየ ይተዋል። ቱቦው ጫፍ ላይ ካልያዘ ወይ ከተቀደደ ከተላቀቀ ግን መሰራት አለበት፣ ያ ነው የሚያፈነዳው። ሰውየው ምንም አይሰማውም፣ በምርመራ ካልሆነ አይታወቅም። ለዚ ነው ቀጣዩ ጥያቄ ላይ የማከርረው።

እኛ ገጠር ነን፣ ኢቫር ከተሰራላቸው በኋላ ምን ያህል መመላለስ አለብን?

ዕድሜ ልክ። ይሄን ማንም አስረግጦ አይነግራችሁም፣ ወይ ሲነግሯችሁ በኦፕሬሽኑ ጭንቀት ውስጥ ስለሆናችሁ አትሰሙትም። ከአንድ ወር በኋላ ሲቲ ስካን፣ ከዛ በየዓመቱ ምርመራ። ከረጢቱ እየጠበበ ከሄደና ኢንዶሊክ ከሌለ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሊቀይረው ይችላል፣ ያ ቀለል ይላል፣ ግን መቅረት የለም።

አሁን አስቡት። ከወሎ ቦረና ወይ ከወግዲ የሚመጡ የ66 ዓመት ገበሬ ናቸው። ደሴ ለመድረስ ራሱ ቀን ይፈጃል፣ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ሰላም የማይሆንበት ጊዜም አለ። ሁለት ዓመት ይመላለሳሉ፣ «ደህና ነዎት» ይባላሉ፣ በሦስተኛው ዓመት አጨዳ ላይ ይደርስባቸዋል ይቀራሉ፣ ደህና ናቸው እኮ ምን ያመላልሳቸዋል ይላል ቤተሰቡ። እንደዚ ለሚሆን ሰው ኢቫር ቀላሉ መንገድ አይደለም። ክፍቱን ኦፕሬሽን መቻል የሚችሉ ከሆነ ሁለት ሦስት ወር ተቸግረው ከዛ በየ5 ዓመቱ መታየት ይበልጥባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ከተማ የሚኖሩ፣ ልጅ ይዟቸው የሚሄድ፣ ቀጠሮ የማያሳልፉ ከሆኑ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው።

ስለዚ ሐኪሙ ጋ ስትገቡ የት እንደምትኖሩ፣ ማን እንደሚያመጣቸው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ተናገሩ። ይሄ የቤት ጉዳይ ነው ብላችሁ አትደብቁት፣ ለሐኪሙ እንደ ሲቲ ስካኑ ያህል ይጠቅመዋል። ገንዘብ ስትሰበስቡም፣ ቅሬው ይሁን ዘመድ ይሁን ከውጭ ያለው ልጅ ይሁን፣ ለኦፕሬሽኑ ብቻ አትሰብስቡ፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት ምርመራና ትራንስፖርትም አስቀምጡ። ወደ ህንድ ወይ ሌላ አገር ለመውሰድ ለምታስቡ ደግሞ በእጥፍ ይመለከታችኋል፣ ተሰርቶ ሲመጣ እዚ ማን ነው የሚከታተለው የሚለውን ከመሄዳችሁ በፊት መልሱ።

አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ሲቲ ስካን ስታነሱ ወረቀቱንና ፊልሙን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፣ ሲዲውን ጠይቁ። ሰርጅኑ የሚለካው ከሲዲው ላይ ነው። የድሮውንም አትጣሉ፣ ሰፋ ወይስ ጠበበ የሚታወቀው ከድሮው ጋር ተነጻጽሮ ነው።

እናቴ 83 ዓመታቸው ነው፣ ልባቸውም ደክሟል፣ ዝም ብንል ኃጢአት ይሆንብናል?

አይሆንባችሁም። ሰውነታቸው ክፍት ኦፕሬሽን የማይችል ሰዎችን ብቻ ይዞ እንግሊዝ አገር የተሰራ ጥናት አለ፣ ኢቫር የተሰራላቸው በአኑሪዝሙ የመሞታቸው ነገር ቀነሰ፣ በጠቅላላ ዕድሜያቸው ግን ካልተሰራላቸው አልበለጠም፣ ልባቸውና ሌላው በሽታቸው ቀደማቸው። ስለዚ አንዳንዴ ግፊታቸውን ተቆጣጥሮ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቶ፣ ከልጅ ከልጅ ልጅ ጋር ማኖሩ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ግን እሳቸውን ጠይቁ። ስንት ቤተሰብ አያለሁ እናቲቱ አልጋ ላይ ተቀምጠው እየሰሙ ከራሳቸው በላይ የሚከራከር።

ቢፈነዳስ?

ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ ነው የሚያልፉት። ከደረሱትም ውስጥ እንግሊዝ አገር በተሰራው ጥናት በ30 ቀን ውስጥ ከ3 ሰው ከአንድ በላይ ሞቷል፣ ኢቫር 35 በመቶ ክፍት 37 በመቶ፣ ተቀራራቢ ነው። ያ የሆነው ሁሉ ነገር ባለበት አገር ነው። ከኛ ተነስቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ጣርማ በርን አቋርጦ አዲስ አበባ የሚኬድ መንገድ ይዞ ይሄን መጠበቅ አይቻልም። 5.5 የሞላ አኑሪዝም እያለ «ከመኸር በኋላ» የሚባለው ነገር የሚያስጨንቀኝ ለዚ ነው።

እስከ ኦፕሬሽኑ ድረስ ምን እናድርግ?

ሲጋራም ጋያም ይቁም፣ ዛሬ ይቁም። አኑሪዝምን ከሚያሰፉት ሁሉ ትልቁ ማጨስ ነው፣ ያቆመ ሰው ሳንባውም ለሰመመኑ ይዘጋጃል። የግፊት መድኃኒት አይቋረጥ። ጫት ግፊትና የልብ ምት ስለሚጨምር በዚ ጊዜ ቢቀር ጥሩ ነው፣ ዱዓው ያለ ጫትም ይደርሳል። ረመዳንም ሁዳዴም ሲመጣ የመድኃኒት ሰዓት እንዴት እንደሚሆን ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ጠበል መሄድም ዱዓ ማስደረግም ማንም አይከለክላችሁም፣ ቀጠሮውን ብቻ እንዳያሳልፍ።

ሌላው ደግሞ ሲፕሮ። ሆድ ሲያማቸው ሽንት ሲያቃጥላቸው ከፋርማሲ ዝም ብሎ የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን ማለቴ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 መጨረሻ ላይ እሱና የሱ ቤተሰብ የሆኑ አንቲባዮቲኮች አኦርታን የመቅደድ ወይ የማፈንዳት አደጋ ሊጨምሩ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል፣ አኑሪዝም ላለበት ሰው ሌላ አማራጭ ካለ አይሰጥ ብሏል። ስለዚ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት «አኦርታው ያበጠ ነው» በሉ።

ከኦፕሬሽን በኋላ ማረስ ይችላሉ?

ክፍት ከሆነ ቢያንስ ለሁለት ሦስት ወር ከባድ ነገር አይነሳም፣ ሞፈር መሸከም ጆንያ ማንሳት የለም፣ ቁስሉ ሄርኒያ ያወጣል። መራመድ ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ግድ ነው፣ «ይተኙ ይረፉ» እያላችሁ አትጉዷቸው። ኢቫር ከሆነ የብሽሽቱ ቁስል እስኪድን ጥቂት ሳምንት በቂ ነው።

ወንዶች ቀስ ብለው የሚጠይቁኝ ሌላም አለ፣ የትዳር ነገር። ከኦፕሬሽኑ በኋላ የወንድነት አቅም መድከም ሊመጣ ይችላል፣ ሆድ ሲከፈት ነርቮች ስለሚነኩ፣ በኢቫርም ደም የሚያደርስ ስር ከተዘጋ። አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሐኪሙ ለምዶታል።

እኛ ልጆቹስ እንመርመር?

አዎ። ወላጅ ወይ ወንድም እህት ላይ ከተገኘ የናንተ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ በተለይ ወንድ ከሆናችሁና ካጨሳችሁ። ዕድሜያችሁ 60ዎቹ ሲገባ አንድ አልትራሳውንድ ተነሱ፣ ደሴም ወልዲያም ይገኛል። የአባታችሁን ወንድሞችም ንገሯቸው፣ ሀዘን ቤት ከምትነግሯቸው አሁን ደውሉ።